ከለር ሶርተር እንግዛ ወይስ ባርኮድ? ለአንድ ዩኒየን ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ



ዛሬ የኒውዮርክንም የአዲስ አበባንም ዋጋ ለጊዜው ወደ ጎን እናድርገውና ስለ ዕቃ እናውራ። ምክንያት አለን። ባለፈው ሳምንት አንድ የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ ወንድማችን በውስጥ መስመር ጥያቄ ልኮልናል። ቦርዱ ለዘንድሮ የፈቀደለት አንድ ግዢ ብቻ ነው። ግማሹ የቦርድ አባል ከለር ሶርተር ይገዛ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ አውሮፓ ሳይዘጋብን የባርኮድ ሲስተም ይቅደም ይላል። ብሩ ለሁለቱም አይበቃም። የትኛው ይሻላል ነው ጥያቄው።

በሁለት መስመር ልንመልስለት ሞክረን አልሆነልንም። ብዙዎቻችሁም ይሄንኑ ጥያቄ በተለያየ መልኩ ስትጠይቁን ስለቆያችሁ እዚሁ ዘርዘር አድርገን እናስቀምጠዋለን። ቡናን እንደ ዋና ምሳሌ እንወስዳለን። ሰሊጥ፣ ማሾና ቦሎቄ ላይ ያላችሁም ነገሩ ብዙ አይለይባችሁም።

📌 ሁለቱም ዕቃ ውስጡ ካሜራ ነው

ከለር ሶርተርና የባርኮድ ማንበቢያ ለየብቻ የሚሸጡ፣ የማይገናኙ ዕቃዎች ይመስላሉ። ዱሮ እንደዚያ ነበር። ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የተነበበው በጁን 26 ቀን 1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ ነው፤ ዕቃው አንድ ፓኬት ማስቲካ ነበር። ያን ጊዜና ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ንባቡ የጨረር ሥራ ነበር፤ ቀይ መስመሩ በጥቁርና ነጩ ላይ ያልፍና ልዩነቱን ይቆጥራል።

በ1994 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ የመኪና ዕቃ ለመቁጠር ኪውአር ኮድን አወጣ። ኪውአር ወደ ጎንም ወደ ታችም ስለሚነበብ አንድ የጨረር መስመር አይበቃውም፤ ፎቶ አንስቶ ምስሉን የሚረዳ ካሜራ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲህ የባርኮድ ገበያ ቀስ በቀስ ወደ ካሜራ ዞረ። ዛሬ የፋብሪካ ኮድ አንባቢ የሚሠሩት ታላላቅ ስሞች፣ ማለትም የአሜሪካዎቹ ኮግኔክስና ዜብራ፣ የጃፓኑ ኪየንስ፣ የጣልያኑ ዳታሎጂክ፣ ኮድም ያነባሉ፣ ዕቃ አይቶ የሚመረምር ካሜራም ይሸጣሉ። ዜብራ በ2022 እ.ኤ.አ. የምስል ምርመራ ኩባንያ የሆነውን የካናዳውን ማትሮክስ ኢሜጂንግ በ875 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ሁለቱ ገበያ አንድ እየሆነ ስለመጣ ነው።

ከለር ሶርተርም ያው ነው። ፍሬው በሚንቀጠቀጥ መጋቢ ተሰልፎ በተዳፋት ይወርዳል፣ ከፊትና ከኋላ ያሉ ካሜራዎች ያዩታል፣ ያልወደዱትን ፍሬ የአየር አፍንጫ በትንፋሽ ከመስመሩ ያስወጣዋል። ይሄ ሁሉ በሰከንድ ሽራፊ ያልቃል። እኛ አገርም ሕንድም ሰሊጥ ነጋዴው "ሶርቴክስ የወጣ" የሚለው ቃል ራሱ ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሎንዶን ከቆየው ከሶርቴክስ ድርጅት የመጣ ነው፤ አሁን የስዊዘርላንዱ ቡህለር ንብረት ነው። የጃፓኑ ሳታኬና የኖርዌዩ ቶምራም በዚሁ ዘርፍ የታወቁ ናቸው። በዋጋ በኩል ግን ገበያውን የገለበጠችው ሄፌይ የምትባል የቻይና ከተማ ናት። ሜየርና ታይሄን የመሳሰሉ አምራቾች እዚያው ተሰብስበዋል፤ ከለር ሶርተር የጥቂት ትልልቅ ላኪዎች ብቻ የነበረበት ዘመን ያበቃው በነሱ ውድድር ነው።

📌 ገበያው ወዴት እየሄደ ነው?

ሦስት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ የኮሮና ጊዜ ግርግር በርዷል። በዚያን ጊዜ የኦንላይን ሽያጭ ድርጅቶች መጋዘን በመጋዘን ላይ ሲገነቡ ስካነርና ካሜራ ተሻሚ ነበር። የኮግኔክስ ዓመታዊ ሽያጭ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፎ ነበር፤ በ2023 ወደ 837 ሚሊዮን ወረደ፤ በ2024 ወደ 914 ሚሊዮን ተመለሰ። ዜብራም በ2022 ከነበረው 5.8 ቢሊዮን ገደማ በ2023 ወደ 4.6 ቢሊዮን ወርዶ በ2024 ወደ 5 ቢሊዮን ተጠግቷል። ገበያው አልሞተም፤ ግን ሻጭ ገዢን የሚለምንበት ወቅት አይተናል። ዋጋ ሲጠይቁ አንድ ፕሮፎርማ ብቻ ይዞ መቀመጥ የለም፣ ይደራደሩ።

ሁለተኛ፣ ማሽኑ "በምሳሌ የሚማር" እየሆነ ነው። ዱሮ ባለሙያው ቀለሙን በቁጥር ይሞላለት ነበር። አሁን ጥሩውን ፍሬና መጥፎውን ፍሬ ለየብቻ ያሳዩታል፣ ልዩነቱን ራሱ ያወጣል። ኮግኔክስ በ2019 እ.ኤ.አ. ሱዋላብ የተባለውን የኮሪያ ድርጅት በ195 ሚሊዮን ዶላር የገዛው ለዚህ ችሎታ ነው። ይሄ ለኛ መልካም ዜናም ማስጠንቀቂያም ነው፤ ከታች እንመለስበታለን።

ሦስተኛ፣ ስልክ ስካነር ሆኗል። የኪውአር ባለቤት የሆነው ዴንሶ የፈጠራ መብቱን ይዞ ገንዘብ ስላልጠየቀበት ኮዱን ማተምም ማንበብም ለማንም ነፃ ነው። በዓለም ያሉ የችርቻሮ ሱቆችም እስከ 2027 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ድረስ ከመስመር ባርኮድ ጎን ኪውአርን የመሰሉ ኮዶችን በገንዘብ መቀበያቸው ላይ እንዲያነቡ ጂ.ኤስ. ዋን የተባለው የባርኮድ ደረጃ አውጪ ድርጅት ግብ ይዟል። የተቆላ ቡና በፓኬት የምትልኩ ይህችን ቀን አስታውሷት።

ታዲያ ዕቃው ረከሰ ማለት ነው? በዶላር አዎ፣ ከዱሮው ጋር ሲተያይ። በብር ግን ሌላ ታሪክ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ያን ጊዜ ሳይገዛ የቀረ ዩኒየን ዛሬ ለዚያው ማሽን ስንት ብር እንደሚጠየቅ ያውቀዋል። መለዋወጫውም እንደዚሁ በዶላር ነው የሚመጣው።

📌 ከለር ሶርተር የሚያየውና የማያየው

ጥቁር ፍሬ፣ የተሰበረ፣ በተባይ የተበላ፣ ቀለሙ የተቀየረ፣ ገለባና እንጨት፤ እነዚህን ጥሩ ማሽን በደንብ ያያል። ኢንፍራሬድ ካሜራ የተጨመረበት ደግሞ ቀለሙ ከፍሬው ጋር የሚመሳሰል ድንጋይና ብርጭቆም ይለያል።

የማያየውስ? ጣዕም አያይም። በኛ የቡና ደረጃ አሰጣጥ ከ100 ነጥብ 40ው የጥሬው፣ 60ው የቅምሻው ነው። ማሽኑ በቀጥታ የሚያግዝዎ በ40ው ላይ ነው። ጉድለት ያለበት ፍሬ ሲወጣ ስኒውም ይጸዳል፣ እውነት ነው። ግን አልጋ ላይ ሲደርቅ የሻገተን ወይም ገንዳ ውስጥ ከመጠን በላይ የፈላን ቡና ማሽን አያድነውም።

የፀረ ተባይ ቅሪትም አያይም፤ ሰሊጥ ላይ ሳልሞኔላም አያይም። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን በቡናችን ላይ የኬሚካል ቅሪት አገኘሁ ብላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ጣት ወደ ገበሬው ተቀስሮ ነበር፤ በኋላ ምርመራው ያመለከተው ወደ ጆንያው ነው። ያን ጊዜ የትኛው ጆንያ ከየት እንደመጣና የትኛው ሎት ውስጥ እንደገባ በየኮንቴይነሩ ማሳየት ቢቻል ስንት ገንዘብና ስንት ጊዜ ይተርፍ እንደነበር ራሳችሁ አስቡት።

📌 ስለ ማሽኑ ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ

ከለር ሶርተር ሻጭ ዘንድ ስትሄዱ የሚነገራችሁ በሰዓት ስንት ቶን እንደሚያወጣና ንጽህናው 99 ነጥብ ስንት እንደሆነ ነው። ዋናው ቁጥር ግን ሌላ ነው፦ ሪጀክቱ ውስጥ ስንት ጥሩ ፍሬ አብሮ ወጣ?

የአየሩ ትንፋሽ መጥፎውን ፍሬ ሲመታ ጎን ለጎን ያለውን ጥሩውንም ይዞ ይወጣል። በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት ብቻ ናቸው፣ በራሳችሁ ተኩ።

👉 100 ኩንታል አስገባችሁ እንበል፤ 5 ኩንታሉ ጉድለት ያለበት ነው።
👉 አንዱ ማሽን ለያንዳንዱ መጥፎ ፍሬ አንድ ጥሩ ይዞ ይወጣል። ሪጀክቱ 10 ኩንታል ሆነ፤ 5ቱ ጥሩ ቡና ነው።
👉 ሌላው ለሦስት መጥፎ አንድ ጥሩ ነው የሚያወጣው። ሪጀክቱ 6.7 ኩንታል ገደማ፤ ጥሩው 1.7 ኩንታል ብቻ።
👉 ልዩነቱ 3.3 ኩንታል፣ ማለትም 330 ኪሎ ገደማ ነው። በኤክስፖርት ዋጋና ሪጀክት አገር ውስጥ በሚሸጥበት ዋጋ መካከል በኪሎ 3 ዶላር ቢለያይ ወደ 1,000 ዶላር በያንዳንዱ 100 ኩንታል ይፈሳል።

አንድ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ 192 ኩንታል ነው። እንግዲህ በኮንቴይነር ወደ 2 ሺህ ዶላር ማለት ነው። የቡና ዋጋ ከፍ ባለ ቁጥር ይሄ ኪሳራ አብሮ ያድጋል። በፌብሩዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. አረቢካ በኒውዮርክ በፓውንድ ከ4 ዶላር ባለፈበት ጊዜ ሪጀክቱን ሳይመረምር የሸጠ ሰው ለአገር ውስጥ ነጋዴ ስጦታ ሰጥቷል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ማሽን ስትገዙ በሻጩ ናሙና እንዳትወሰኑ። የራሳችሁን ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ሪጀክቱን ሰብስቡ፣ ከውስጡ አንድ ኪሎ ዘርግታችሁ በእጅ ለዩ፣ መዝኑ። ሪጀክቱን ለሁለተኛ ጊዜ የሚያሳልፍ መስመር ያለው ማሽን ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ይከፍላል።

አሁን ወደዚያ "በምሳሌ ስለሚማረው" ማሽን እንመለስ። ቡናችን እንደ ሌላው አገር አንድ ወጥ አይደለም። ከአንድ ቀበሌ የመጣ ቡና ውስጥ ትንሹም ትልቁም፣ ረዘም ያለውም ክቡም አለ። የሐረር ደረቅ ቡና ወርቃማ ቢጫ ቀለም ገዢው የሚወደው ነው፤ በታጠበ ቡና የተስተካከለ ማሽን ግን መጥፎ ነው ብሎ ሊያወጣው ይችላል። ማሽኑን የሚያስተምረው ሰው ማነው? ከፋብሪካው የመጣው ቴክኒሻን ነው ወይስ ዓመታት ሙሉ ቡና ሲለቅሙ የኖሩት እናቶች? ማሽን የተከለ ሁሉ ለቃሚዎቹን ከመቀነሱ በፊት ቢያስብ መልካም ነው። ጉድለትን በዓይን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ለማሽኑ ናሙና የሚለየውም፣ ከማሽኑ በኋላ ያመለጠውን የሚለቅመውም የነሱ እጅ ነው። ለታጠበ ደረጃ አንድ በ300 ግራም ናሙና ከ3 በላይ ጉድለት አይፈቀድም፤ በማሽን ብቻ እዚያ መድረስ ቀላል አይደለም።

ኮምፕሬሰሩንም አትርሱ። አየሩ ደረቅና ንጹሕ ካልሆነ የአየር አፍንጫዎቹ ይዘጋሉ። መብራት ሲሄድ ጄነሬተሩ ማሽኑንም ኮምፕሬሰሩንም መሸከም አለበት። የማሽኑን ዋጋ ብቻ ይዞ ቦርድ ፊት የቀረበ ሥራ አስኪያጅ በሦስተኛው ወር ተመልሶ ገንዘብ ይጠይቃል።

📌 ባርኮዱስ?

አሁን ሌላው የቦርዱ ግማሽ ወደሚለው እንምጣ። አውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን በተመለከተ ያወጣው ሕግ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። አሁን በተያዘው ቀን መሠረት ለትልልቅና መካከለኛ አስመጪዎች ከታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለትም ከዲሴምበር 30 ቀን 2026 እ.ኤ.አ.፣ ለጥቃቅንና አነስተኛ ደግሞ ከሰኔ 23 ቀን 2019 ዓ.ም. ማለትም ከጁን 30 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ቡናው የበቀለበት መሬት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከደን ያልተመነጠረ መሆኑ መታየት አለበት፤ ለዚህም የእያንዳንዱ ማሳ መገኛ ይጠየቃል።

እዚህ ላይ አንድ ስህተት እናርም። ብዙ ማኅበራት "ሁሉም ገበሬ ፖሊጎን ያስፈልገዋል" ብለው ይጨነቃሉ። ሕጉ ፖሊጎን የሚጠይቀው ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ነው። ከዚያ በታች ለሆነው አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ አብዛኛው ገበሬያችን ደግሞ ከዚህ በታች ነው። ገዢው በራሱ ፍላጎት ፖሊጎን ከጠየቀ ያ የውል ጉዳይ ነው፤ ወጪውን ማን ይሸፍናል ብሎ መደራደር ይቻላል።

ሁለተኛው ስህተት ኮዱ ራሱ መረጃውን ይሸከማል ብሎ ማሰብ ነው። አንድ ኪውአር ኮድ ቢበዛ 4,296 ፊደልና ቁጥር ይይዛል። አንድ የማጠቢያ ጣቢያ ሎት ከ600 ገበሬ ተሰበሰበ ብንልና ለያንዳንዱ መለያና የጂፒኤስ ነጥብ 30 ፊደል ብንቆጥር 18,000 ይሆናል፤ አይገባም። ኮዱ ቁልፍ እንጂ ጎተራ አይደለም። ጎተራው መዝገባችሁ ነው። መዝገብ የሌለው ሰው ኮድ ቢያትም ባዶ ቤት ላይ ቁልፍ ሰቀለ ማለት ነው።

ስለዚህ ኮድ ማተም ርካሹ ክፍል ነው። ውዱ ነገር በእሸት መግዣ ሚዛን ላይ ቆሞ የገበሬውን መለያ፣ ኪሎውንና ቀኑን የሚመዘግብ ሰው ነው። እሱ ሠራተኛ በትክክል ከመዘገበ በደብተርም ይሁን በስልክ የቀረው ይቀላል። እሱ ካልመዘገበ ምንም ዓይነት ሲስተም አይታደግም።

📌 መለያው የሚጠፋው የት ነው?

ዋናው ሐሳባችን እዚህ ጋ ነው፤ ይህችን ክፍል እባካችሁ ደግማችሁ አንብቧት።

ከማጠቢያ ጣቢያ እስከ ማበጠሪያው በር ድረስ ሎቱ ብዙ ጊዜ ማንነቱን ይዞ ይመጣል፤ ጆንያው ላይ ጽሑፍ አለ፣ የመኪናው ሰነድ አለ። ከማበጠሪያው ከወጣ በኋላም አዲስ ጆንያ፣ አዲስ ምልክት፣ የአይኮ ቁጥር አለው። መሃሉስ? ጆንያው ተቀዶ ወደ ሆፐር ይገለበጣል። ኤሌቬተሩ ውስጥ የትናንቱ ሎት ቅሪት አለ። ሳይሎው ባዶ ነው ተብሎ ሥሩ ላይ ሦስት ኩንታል ተኝቷል። ከለር ሶርተሩ ያወጣው ሪጀክት ከሌላ ሎት ሪጀክት ጋር ተደባልቆ ለሁለተኛ ጊዜ ይገባል። ጆንያው ሲሞላ 5 ኩንታል ሲጎድል "ከዚያኛው ሙላበት" ይባላል።

ቡናው ላይ በዓይን የሚታይ ጉዳት የለም። በአውሮፓው ሕግ ግን ምንጩ ያልታወቀ ቡና ከታወቀው ጋር ከተቀላቀለና መለየት ካልተቻለ ጠቅላላው ሎት ነው የሚወድቀው። በመቶኛ ይቆጠርልኝ የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ ያ "ሙላበት" የተባለው 5 ኩንታል 192 ኩንታል ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ 600 ገበሬ የደከመበት ምዝገባ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ከለር ሶርተር ወይስ ባርኮድ የሚለው ጥያቄ ራሱ ነገሩን ይሸፍነዋል። ማሽኑና ኮዱ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ማንም ከሌለ ማሽኑ የኮዱን ሥራ ያፈርሳል። ማሽኑ ፈጣን በሆነ ቁጥር የሚያፈርሰውም በፍጥነት ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም፦

✅ ሎት ሲገባ በሚዛንና በስካን ይግባ። ስልክ ይበቃል።
✅ በሎትና በሎት መካከል መስመሩ ይራገፍ። የመጀመሪያው ጥቂት ኩንታል ለብቻው ይያዝ። ሰዓቱ ይጻፍ።
✅ ሎቱ ሲወጣ ኤክስፖርቱ፣ ሪጀክቱ፣ አቧራና ድንጋዩ ሁሉም ይመዘን። 200 ኩንታል ገብቶ 184 ኤክስፖርት፣ 13 ሪጀክት፣ 2 ቆሻሻ ከወጣ፣ 1 ኩንታል ብክነት ነው፤ ይታመናል። 200 ገብቶ ድምሩ 206 ከወጣ ግን የሆነ ቦታ ባዕድ ቡና ገብቷል፤ ኮዱ ከመታተሙ በፊት ይቁም።
✅ ሪጀክትም የሎት ቁጥር ይኑረው። ስም የሌለው ሪጀክት ተመልሶ የሚገባበትን ቀን አታውቁትም።

ይሄ ሂሳብ ለሌላም ይጠቅማል። ማበጠሪያ ተከራይቶ የሚሠራ ማኅበር "ሪጀክትህ ይሄን ያህል ነው" ሲባል የሚያመሳክርበት ቁጥር ኖሮት አያውቅም። አሁን ይኖረዋል።

📌 ስለ ማተሚያው አንዲት ምክር

ከኛ አንዱ አንድ መጋዘን ውስጥ ያየውን እንንገራችሁ። የጆንያ መለያዎቹ አምረው ታትመዋል፣ ኮዱም ተነቧል። ከሁለት ወር በኋላ ገዢው ፎቶ ላከ፤ ግማሹ መለያ ነጭ ወረቀት ሆኗል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሙቀት ብቻ የሚታተም ወረቀት፣ እንደ ሱፐርማርኬት ደረሰኝ ያለው፣ በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ስንት ቀን ፀሐይ ላይ እንደሚውል ታውቃላችሁ።

ጆንያ ላይ በቀጥታ ማተምም አይሆንም፤ ቀለሙ በክሩ ይሰራጫል። በሪባን የሚታተም፣ ከፕላስቲክ የተሠራ መለያ በጆንያው አፍ ላይ ይሰፋ። ኪውአሩ ሲዘጋጅ የስህተት ማረሚያ ደረጃው ከፍተኛው ይሁን፤ በዚያ ደረጃ ኮዱ እስከ 30 በመቶ ገደማ ቢበላሽም ይነበባል። ቁጥሩም ከኮዱ ሥር በሰው ዓይን እንዲነበብ ይታተም፤ ስልክ ባትሪ ሲጨርስ የመጋዘን ሠራተኛው ይጽፈዋል።

📌 መዝገቡ የማነው?

የመጨረሻዋ ነጥብ የገንዘብ ሳትሆን የአቅም ናት። የገበሬዎቻችሁን ስም፣ ማሳና የዓመት ምርት የሚይዘው ሲስተም በማን እጅ ነው? ላኪው በራሱ ወጪ መዝግቦላችሁ ከሆነ መዝገቡ እሱ ጋ ነው፤ ከርሞ ለሌላ ላኪ መሸጥ ብትፈልጉ ያለ መዝገብ ትሄዳላችሁ። ሶፍትዌር ሻጭ በዓመት ክፍያ የሚሰጣችሁ ከሆነም ክፍያው ሲቋረጥ መረጃው አብሮ እንዳይዘጋ ውሉ ላይ ይጻፍ። መረጃውን በፈለጋችሁበት ቀን በኤክሴል ማውጣት መቻል አለባችሁ።

ላኪዎችም ይሄን እንደ ክስ አትውሰዱት። መዝገቡን ለማኅበሩ የሚያካፍል ላኪ ቡናውንም ቀድሞ ያገኛል። አገራችን በ2017 በጀት ዓመት ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስገባው ቡና በሚሊዮን ከሚቆጠር ትንንሽ ማሳ የተለቀመ ነው። ያንን ሁሉ ማሳ ብቻውን መዝግቦ የሚዘልቅ ላኪ የለም።

📌 እንግዲህ ለወንድማችን መልስ

በኛ እይታ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

1. ዘንድሮ በመጀመሪያ የእሸት መግዣ ሚዛኖችን ምዝገባ አስተካክል። በየጣቢያው የሚታመን ሚዛን፣ አንድ ስልክ፣ የሰለጠነ አንድ ልጅ። ኮዱ ከዚህ ይነሳል።

2. ከዚያ ማበጠሪያው በር ላይ የመግቢያና የመውጫ ሂሳብ ጀምር። የራስህ ማበጠሪያ ከሌለህ በኪራይ ውሉ ውስጥ አስገባው፦ መስመር ይራገፋል፣ ሪጀክት ተመዝኖ ይመለሳል።

3. ከለር ሶርተሩን ለአንድ ወቅት በኪራይ ወይም በአገልግሎት ክፍያ ተጠቀም። ስንት ኩንታል አሳለፍክ፣ ስንት ሪጀክት ወጣ፣ ከሪጀክቱ ስንት ጥሩ ነበር፣ ደረጃው ስንት ከፍ አለ፣ ገዢ በፓውንድ ስንት ጨመረ። እነዚህን አምስት ቁጥሮች ይዘህ ከርሞ ቦርድ ፊት ብትቀርብ ግማሽ ለግማሽ መከፈል አይኖርም፤ ማሽኑ ያዋጣል ወይም አያዋጣም ብሎ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

4. ልዩ ሁኔታ አለ። ገዢህ የሩቅ ምሥራቅ ወይም የመካከለኛው ምሥራቅ ከሆነ፣ ዋጋህን የሚቀንስብህም ጉድለት ብቻ ከሆነ፣ የማሽኑ ተራ ሊቀድም ይችላል። ሰሊጥ ላይ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ። ያም ሆኖ ሁለተኛው ቁጥር ላይ ያልነው የበር ሂሳብ አይቀርም።

ካሜራ በየዓመቱ እየረከሰ ነው፤ ከርሞም ይገዛል። ዘንድሮ ያልተመዘገበ የገበሬ ቡና ግን ከርሞ ተመልሶ አይመዘገብም።

ከለር ሶርተር የተከላችሁ፣ ሪጀክታችሁን በእጅ ለይታችሁ የመዘናችሁ ካላችሁ ቁጥራችሁን በውስጥ መስመር ላኩልን፤ ስማችሁን ሳንጠቅስ ለሁሉም እናካፍላለን። ጽሑፉን የቦርድ አባላት ላሉበት ግሩፕ ማጋራት ይቻላል።

መልካም ገበያ፣ መልካም ሳምንት!